ስለ ሮም ቄሣሮች ሲጠየቅ ጸሐፊዎቻቸውም ይጠየቁ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ለጥንታዊው ዓለም ታሪክ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡትንም ጨምሮ፣ አስጠናለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከማስጠናቸው አንዷ ያሳየችኝ የታረመ የፈተና ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ «በ64 ዓ.ም. የሮምን ከተማ ያቃጠለው ንጉሠ ነገሥት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከሥሩም አውግስጦስ፣ ጢባርዮስ፣ ቀላውዴዎስና ኔሮን በምርጫ ተደርድረዋል። ልጅቷ አንዱንም አላከበበችም። በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የጥንቱን ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ ጠቅሳ «ታሲተስ እሳቱ በአጋጣሚ ይሁን በንጉሡ ተንኮል አይታወቅም ብሏል» ብላ ጽፋለች። የተሰጣት ውጤት ዜሮ ነው። ፈተናውን ያወጣውን መምህር ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ አብዛኞቻችን የተማርነውም ያስተማርነውም በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ትክክለኛውን ነገር የጻፈች ልጅ ነጥብ የምታጣበት ፈተና መታረም እንዳለበት በአደባባይ መናገር ግዴታዬ መስሎ ስለተሰማኝ ሐሳቤን እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የፈተና ወቅት በቀረበ ቁጥር በጣና ዳር ባሉት ዛፎች ሥርና ማታ ማታ በየግቢው መብራት ሥር ልጆች ሃንዳውት ይዘው እየተመላለሱ ሲሸመድዱ አያለሁ። የሚሸመድዱትም ይታወቃል፦ አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ27 ዓመት ጀምሮ እስከ 14 ዓ.ም.፣ ጢባርዮስ እስከ 37፣ ካሊጉላ እስከ 41፣ ቀላውዴዎስ እስከ 54፣ ኔሮን እስከ 68፤ ከዚያም በ69 በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈራረቁት ጋልባ፣ ኦቶ፣ ቪቴሊየስና ቬስፓስያን። (በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት እየዘነጉ የሚሳሳቱ ልጆች ስላሉ መምህራን ይህን ደጋግመው ቢያስታውሱ መልካም ነው።) ዓመታቱን በቃል መያዝ አስፈላጊ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምከራከረው የእያንዳንዱ ንጉሥ ታሪክ በማን እጅ እንደ ደረሰን፣ ያ ጸሐፊ መቼ እንደ ኖረ፣ በማን ዘመን እንደ ተሾመ፣ ምን ለመናገርና ምን ለመደበቅ ምክንያት እንደ ነበረው ሳይጠየቅ ትምህርቱ ተፈጸመ ስለሚባልበት ልማድ ነው።

የእሳቱን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ታሲተስ «አናልስ» በተባለው ሥራው 15ኛ መጽሐፍ ላይ ትረካውን የሚጀምረው የእሳቱ መነሻ እንደማይታወቅና ከእሱ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎችም ሁለቱንም እንደ ጻፉ በመግለጽ ነው። ከዚያም እሳቱ ሰርከስ ማክሲመስ ከተባለው የሠረገላ መወዳደሪያ አጠገብ ካሉ ሱቆች እንደ ተነሣ፣ ኔሮን ያን ጊዜ ከሮም ውጭ አንቲየም በተባለች ከተማ እንደ ነበረ፣ ሲመለስም ቤት ለጠፋበት ሕዝብ የማርስ ሜዳንና የራሱን የአትክልት ስፍራ እንደ ከፈተ፣ ከኦስቲያ ስንቅ እንዳስመጣ፣ የእህልንም ዋጋ ወደ ሦስት ሰስተርስ (የሮም ሳንቲም) እንዳወረደ ይተርካል። ይህ ሁሉ ግን የሕዝቡን ልብ አላረካም፤ ከተማዋ ስትነድ ንጉሡ በቤቱ መድረክ ላይ ወጥቶ የትሮይን ጥፋት ዘፍኗል የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበርና። ታሲተስ ወሬ መሆኑን ነግሮን ያለፈውን ነገር የቄሣሮቹን ሕይወት የጻፈው ስዌቶኒየስ እንደ ተረጋገጠ ጉዳይ ይጽፈዋል፤ ኔሮን ከተማዋን በግላጭ አቃጠለ፣ በሜሴናስ ግንብ ላይ ሆኖ የመድረክ ልብሱን ለብሶ እሳቱን እያየ ዘፈነ ይላል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው ካሲየስ ዲዮ ደግሞ ዘፋኙን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ያወጣዋል። እነዚህን ሦስት አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ አንድ ወሬ ከመድረክ ወደ ግንብ፣ ከግንብ ወደ ጣሪያ ሲወጣ በዓይኑ ያያል። ለዚህ የሚበቃው ጊዜ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ነው፤ ያን ያነበበ ልጅ ግን የእሳቱን ዓመት በፍጹም አይረሳም።

ይህን ስል ታሲተስ ያለ ጥያቄ የሚታመን ምስክር ነው ማለቴ አይደለም። የተወለደው በ56 ገደማ ነው፤ እሳቱ ሲነሣ ሕፃን ነበር፤ እሱ ሲወለድም ጢባርዮስ ከሞተ ሃያ ዓመት ያህል አልፎት ነበር። በመግቢያው ላይ ያለ ቁጣና ያለ አድልዎ እጽፋለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ነገር ግን የሹመቱ መንገድ በቬስፓስያን ተጀምሮ፣ በቲቶ ከፍ ብሎ፣ በዶሚሺያን የበለጠ እንደ ገፋ «ታሪኮች» በተባለው ሥራው መክፈቻ ላይ ራሱ ይናገራል። ዶሚሺያን ከ81 እስከ 96 የነገሠ ሲሆን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሴኔት አባላትን ያስገድል ነበር። ታሲተስ ስለ ሚስቱ አባት ስለ አግሪኮላ በጻፈው ሥራ መጨረሻ አካባቢ፣ የሴኔት ሰዎች ባልደረባቸውን በገዛ እጃቸው ወደ እስር እንደ መሩ የሚናገረው «እኛ» እያለ ነው። ያን ዘመን በዝምታ ያሳለፈ ሰው በኋላ ተቀምጦ ስለ ጢባርዮስ ሲጽፍ፣ ንጉሡ የሚናገረው ሌላ የሚያስበው ሌላ፣ መልካም ሥራው ሁሉ ወጥመድ ያለበት ሆኖ መታየቱ አያስደንቅም። በታሲተስ ጢባርዮስ ላይ የዶሚሺያን ጥላ አጥልቷል የሚሉ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም፤ እኔም ሐሳባቸውን እቀበላለሁ። ጢባርዮስ በ14 ነግሦ በ37 ሞተ ብሎ ከሚመልስ ተማሪ ይልቅ ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ለሚችለው ከፍ ያለ ነጥብ መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለማነጻጸር ቬሌየስ ፓተርኩለስ አለ። ይህ ሰው በጀርመንና በፓኖንያ በጢባርዮስ ሥር የዘመተ መኮንን ነበር፤ በ30 በጻፈው አጭር ታሪክም ጢባርዮስን ከፍ ከፍ ያደርጋል፣ ባለሟሉን ሴያኑስንም ያመሰግናል። በዓመቱ ሴያኑስ ከጢባርዮስ በመጣ ደብዳቤ ተከሶ ተገደለ። ቬሌየስ የዓይን ምስክር ነው፣ ታሲተስ አይደለም፤ ሆኖም የዓይን ምስክር መሆን ብቻውን ሰውን እውነተኛ እንደማያደርገው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የካሊጉላ ነገር የባሰ ነው። ከ«አናልስ» 7ኛ እስከ 10ኛው መጽሐፍ ጠፍተዋል፤ የካሊጉላ አራት ዓመታትና የቀላውዴዎስ የመጀመሪያ ዓመታት የነበሩት በእነዚያ ውስጥ ነው። የቀረን የእስክንድርያ አይሁድን መልእክት ይዞ ፊቱ የቀረበው ፊሎን፣ ስለ አገዳደሉ በሰፊው የጻፈው ፍላቪየስ ዮሴፍ፣ ከዚያም ስዌቶኒየስና ዲዮ ናቸው። ተማሪዎቻችን ሁሉ ካሊጉላ ፈረሱን ቆንስል (የሮም ከፍተኛ ሹም) አድርጎ ሾመ ብለው ይመልሳሉ፤ ስዌቶኒየስ የጻፈው ግን ሊሾመው አስቦ ነበር ይባላል የሚል ብቻ ነው። «ይባላል» የምትለዋ ቃል በሃንዳውቶቻችን ውስጥ የለችም። ከጠፋው ሌላ የተረፈው የ«አናልስ» ክፍልም የደረሰን በሁለት ብራናዎች ሲሆን፣ ሁለቱም ዛሬ በፍሎረንስ ይገኛሉ፤ አንደኛው በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የተገለበጠ ነው። በክብራን ገብርኤል ወይም በዳጋ እስጢፋኖስ መነኮሳት የጠበቁትን ብራና ያየ የአካባቢያችን ልጅ፣ የአንድ ሕዝብ ትዝታ በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ላይ ተንጠልጥሎ ሊቆይ እንደሚችል ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለ ስዌቶኒየስ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሃድሪያን ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ስለነበረ የአውግስጦስን ደብዳቤዎች አይቶ ይጠቅሳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሕይወታቸውን የሚያቀርበው በርእስ እንጂ በጊዜ ቅደም ተከተል አይደለም፤ የዓመታቱን ሰልፍ ከእሱ ለመውሰድ የሚሞክር ተማሪ ግራ ይጋባል።

ቀላውዴዎስ ግን ለመምህር የተሰጠ ስጦታ ነው። በ48 የጎል መኳንንት፣ ማለትም የዛሬዋ ፈረንሳይ ሰዎች፣ ሴኔት እንዲገቡ የሚጠይቅ ንግግር አደረገ። ንግግሩ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ስለነበር የሰሌዳው ስባሪ በ1528 በሊዮን ተገኝቷል። ያንኑ ንግግር ታሲተስም በ11ኛው መጽሐፍ አስፍሮታል። በነሐሱ ላይ ያለው ቀላውዴዎስ ስለ ጥንት የሮም ነገሥታት ረጅም ሐተታ ውስጥ ገብቶ ከጉዳዩ ይርቃል፤ በመካከሉም ስሙን ጠርቶ ወደ ነገሩ እንዲገባ የሚያሳስብ ቃል አለ፤ ይህን ያለው ራሱ ይሁን ወይም የሴኔት ሰዎች አቋርጠውት ይሁን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የታሲተሱ ቀላውዴዎስ ግን አጭር፣ የተስተካከለና አሳማኝ ተናጋሪ ነው። ፍሬ ሐሳቡ አንድ ሆኖ ቃላቱ የጸሐፊው ናቸው። ይህን ያየ ተማሪ በጥንት የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ የሚያነበው ንግግር ሁሉ ከአንደበት የተቀዳ እንዳልሆነ ሌላ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

እኛ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በሚጀምርበት ከተማ የምንኖር ሰዎች ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለን። ኔሮን ወደ ዓባይ ላይኛው ክፍል ሰዎች ልኮ ነበር። ሴኔካ ከተላኩት ሁለት የመቶ አለቆች በጆሮው እንደ ሰማ ሲጽፍ፣ ኔሮን የላካቸው የወንዙን ምንጭ ፈልገው እንዲያገኙ መሆኑን ገልጾ ንጉሡን እውነትን የሚወድ ብሎ ያወድሰዋል። ሽማግሌው ፕሊኒ በበኩሉ ኔሮን የክብር ዘቡን ወታደሮች የላከው በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት ስላሰበ አገሩን እንዲሰልሉ ነው ይላል። (ያን ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽን አገር ነበር።) ሁለቱም በኔሮን ዘመን የኖሩ ናቸው። ሴኔካ የኔሮን አስተማሪና አማካሪ የነበረ ሲሆን፣ በ65 ራሱን እንዲገድል በዚያው በኔሮን ታዘዘ፤ ይህን የጻፈውም በመጨረሻዎቹ የሥጋት ዓመታት ነው። ፕሊኒ ሥራውን ያቀረበው ኔሮን ከሞተ በኋላ፣ ስሙን ማጥፋት የሚያስቀጣ ሳይሆን የሚያስመሰግን በሆነበት በቬስፓስያን ዘመን ነው። ሁለት ጉዞዎች ነበሩ የሚሉም አሉ። ተልእኮው የምርምር ነበር ወይስ የስለላ የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሰዓት የክፍል ክርክር ይበቃል። ሰዎቹ ደረስንበት ያሉት ታላቅ ረግረግ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ያለው የነጭ ዓባይ ረግረግ እንደሆነ ስለሚገመት ወደ እኛ አቅጣጫ አልመጡም፤ የክፍሌ ልጆች ግን ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ቀና ይላሉ።

የአውግስጦስም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ንጉሡ የሠራውን ሁሉ በራሱ አንደበት የዘረዘረበት ጽሑፍ በአንካራ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በላቲንና በግሪክኛ ተቀርጾ ይገኛል፤ በዚህ ጽሑፍ ሠራዊቱ በኩሽ ከተማ በመርዌ አቅራቢያ እስካለችው እስከ ናፓታ እንደ ደረሰ ይኩራራል። ስትራቦን የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ነገሩን ዘርዝሮ፣ ኩሾች አስዋንን መትተው የንጉሡን ሐውልቶች እንደ ማረኩ፣ የሮም ጦርም አንድ ዓይና በነበረችው ንግሥታቸው በካንዳኬ ላይ እንደ ዘመተ፣ በመጨረሻ ግን መልእክተኞቻቸው ሳሞስ ደሴት ድረስ ሄደው የጠየቁትን ሁሉ እንዳገኙና ግብሩም እንደ ቀረላቸው ጽፏል። ይህቺ ንግሥት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሕንደኬ ተብላ ከምናውቃት በፊት የነበረች ናት። በ1910 በመርዌ በተደረገ ቁፋሮ የአውግስጦስ የነሐስ ራስ በአንድ ቤተ መቅደስ መግቢያ ሥር ተቀብሮ ተገኘ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ እየረገጠው ያልፍ ነበር። ራሱ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። አንካራ ያለው ግድግዳ ድል አድርገናል ሲል የመርዌው ደፍ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ተማሪ ሁለቱን ይዞ እንዲመዝን ካልተጠየቀ የአውግስጦስን ታሪክ ተማረ ማለት ያስቸግረኛል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህ ለልጆቹ ከብዶ ይታያል ይሉኛል። እኔ ግን የጣና ዳር ልጆች ለዚህ ትምህርት ከማንም ይልቅ የተዘጋጁ ናቸው ባይ ነኝ። ከ1607 እስከ 1632 የነገሠውን ዐፄ ሱስንዮስን እናስታውስ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የጻፉት ዜና መዋዕል አለ፤ ከንጉሡ ጋር ሆኖ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየውና በጎርጎራ የኖረው የኢየሱሳውያኑ ፔሮ ፓኤዝ የጻፈው አለ፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በመቀበሉ ተቃውማ የተነሣችው፣ ስሟም ከጣና ገዳማትና ከቋራጣ ጋር የተያያዘው የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ገድልም አለ፤ እሱም በ1672 የተጻፈ ነው። በሦስቱ ውስጥ ያለው ሱስንዮስ አንድ ሰው አይመስልም። የሰፈር ሽማግሌ እንኳ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ ልጆቻችን ከቤታቸው ያውቃሉ፤ ይህን ያደጉበትን ዕውቀት ወደ ክፍል ይዘው እንዲገቡ በር የዘጋንባቸው እኛ ነን።

ሌላው የሚቀርብብኝ መከራከሪያ የጊዜና የእርማት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ላለው መምህር ድርሰት ማረም ከባድ እንደሆነ እኔም በሥራዬ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ምርጫ ያለው ጥያቄም ቢሆን በሌላ መልክ ሊወጣ ይችላል። «ሮምን ማን አቃጠለ?» በማለት ፈንታ «ኔሮን እሳቱን ሆን ብሎ እንዳስነሣ በእርግጠኝነት የጻፈው ከሚከተሉት ጸሐፊዎች የትኛው ነው?» ወይም «ስለ ጢባርዮስ ከጻፉት ውስጥ በዘመኑ የኖረው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለአራሚው አንድ ደቂቃ አይጨምርበትም፤ ተማሪው የሚያጠናበትን መንገድ ግን ከሥሩ ይለውጠዋል። ልጆች የሚያጠኑት የሚጠየቁትን ነው።

በዚህ ወቅት ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎችም ከነገሥታቱ ዝርዝር አጠገብ ሌላ ዓምድ አስምራችሁ፣ በእያንዳንዱ ስም ፊት ማን ስለ እሱ እንደ ጻፈ፣ ያ ጸሐፊ ከነገሩ ምን ያህል ዓመት እንደ ራቀና የማን ሹመት እንደ በላ በአጭሩ ጻፉበት። ከእያንዳንዱ ጸሐፊም አንድ ክስተት ብቻ መርጣችሁ ከሌላው ጋር አስተያዩ፤ ለታሲተስና ለስዌቶኒየስ እሳቱን፣ ለቀላውዴዎስ የሊዮኑን ሰሌዳ ብትወስዱ ይበቃችኋል።

የቀረው ትልቁ ችግር ጽሑፎቹ በአማርኛ በቀላሉ የማይገኙ መሆናቸው ነው። ተማሪዎቼ የሚያነቡት እኔ ማታ ማታ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ በእጄ ጽፌ የማባዛላቸውን ነው፤ ይህም ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። ስለዚህ የተከበረው ዝግጅት ክፍል በትምህርት ዓምዱ ከታሲተስ፣ ከስዌቶኒየስና ከዲዮ የእሳቱን አንቀጾች በየተራ ተርጉሞ እንዲያወጣ፣ በከተማችን ያሉ የዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቋንቋ መምህራንም በትርጉሙ እንዲተባበሩ እለምናለሁ። እስካሁን የመለስኳቸውን ለማስረከብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የታሪክ መምህር
ከባሕር ዳር